ሲሚንቶ ያልሸጠችው ሴት

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የገቢዎች እሽግ ተቀድዶ ተገኘ። ተገኘ ማለት ይከብዳል እንጂ፣ የቀደደችው ሴት ልትደብቀው አልሞከረችም። ከሶዶ ገበያ ዝቅ ብለው ከተደረደሩት የቆርቆሮ ሱቆች አራተኛው ወለል ብሎ ተከፍቷል። «ታሽጓል» የሚለው ወረቀት ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ በበሩ፣ ግማሹ በመቃኑ ላይ ተንጠልጥሏል። ባለሱቋ ቦሼ ከመደርደሪያው ኋላ ቆማ ከቀይ በርበሬ የተፈጨ ዳጣ በፕላስቲክ ጣሳ እየሞላች ነበር። አምስት ደንበኞች ተሰልፈው ይጠብቃሉ።

ኢንስፔክተር ወሰንየለሽ ደንበኞቹ ጉዳያቸውን ጨርሰው እስኪሄዱ ቆመች። ከደሴ ወደ ሶዶ ከተዛወረች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። በነዚህ ሁለት ዓመታት ወንጀለኛ ሲሮጥም፣ ሲደበቅም፣ ሲምል ሲገዘትም አይታለች። በሩን ከፍቶ ገበያ እያስተናገደ የሚጠብቃት ግን አላጋጠማትም።

«እሽጉን ማን ቀደደው?»

«እኔ።»

«የመንግሥት እሽግ መቅደድ እንደሚያስከስስ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ፤ ተጽፏል፣ አንብቤያለሁ።» ቦሼ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ሲሚንቶ ሸጥሽ፣ ብረት ሸጥሽ አሉኝ። እኔ ሲሚንቶ ሸጬ አላውቅም። ላልሸጥኩት አልከፍልም፣ ላልሠራሁትም ሱቄን አልዘጋም። አንተ ደግሞ ሥራሽን ሥሪ ልጄ። ውሰጂኝ።»

ቦሼ በአማርኛ ስትናገር አንተና አንቺን ትቀላቅላለች። ሐሳቧን ግን አትቀላቅልም።

ከወሰንየለሽ አጠገብ የቆመው ሳጅን ቶማ ጎንበስ ብሎ አንሾካሾከ። «እዚህ ከተማ የቦሼን ዳጣ ያልበላ ሥጋ በል የለም፣ ኢንስፔክተር። ሃያ ዓመት እዚቹ ሱቅ ውስጥ ናት። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው።»

ወሰዷት። ቃሏን ሰጠች፣ ፈረመች። ከሰዓት በፊት ስድስት የገበያ ሴቶች ተከታትለው መጥተው ለዋስትና መታወቂያቸውን ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። አንድ ዋስ ይበቃል ቢባሉም አንዳቸውም መታወቂያቸውን አላነሱም።

*

የገቢዎች ባለሙያዋ ህብረት ወፍራም ፋይል አወጣች።

«በእትዬ ቦሼ ስምና በግብር ከፋይ መለያ ቁጥራቸው የተቆረጠ ሃያ ሁለት ደረሰኝ አለ። ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ቆርቆሮ። ሽያጩ ሦስት ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ ብር ነው። እሳቸው ያሳወቁት የዳጣውን ብቻ ነው። ስለዚህ ግብሩ ከነቅጣቱ ተወሰነባቸው።»

«ደረሰኞቹ ከየት መጡ?»

«ከገዢው። በቤሌ መንገድ ድልድይ የሚሠራ ተቋራጭ አለ። ወጪዬ ነው ብሎ ከሂሳቡ ጋር አቀረባቸው። ወጪው በበዛ ቁጥር ትርፉ ያንሳል፣ ግብሩም ያንሳል። የእኛ ሥራ ደግሞ ገዢ ገዛሁ ካለ ሻጭ መሸጡን ማሳወቁን ማመሳከር ነው።»

ወሰንየለሽ የአንዱን ደረሰኝ ኮፒ ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው። ግርጌው ላይ የማተሚያ ቤት ስም አለ።

«ይህ ማተሚያ ቤት የት ነው?»

ህብረት ከፋይሉ አንድ ዝርዝር ሳበች። ከዚያ፣ «ዛሬ ጠዋት ፈለግኩት። ደረሰኝ እንዲያትሙ ከተፈቀደላቸው ዝርዝር ውስጥ የለም» አለች። «መጀመሪያ ማየት ነበረብኝ።»

«ሱቁስ ለምን ታሸገ?»

«ንብረት ልታሸሽ ነው የሚል ጥቆማ በስልክ መጣ። ስሙን ያልተናገረ ሰው ነው።» ህብረት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ኢንስፔክተር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ውሳኔው ከደረሳቸው ዛሬ አሥራ ስምንተኛ ቀኑ ነው። ቅሬታ የሚቀርበው በሃያ አንድ ቀን ውስጥ ነው፣ ያውም በጽሑፍ። ሁለት ጊዜ መጥተው እዚህ ቆመው ተናገሩ። የተናገሩት እውነት ሊሆን ይችላል፣ በቃል የተነገረ ግን ቅሬታ ሆኖ አይመዘገብም። ጽፈው ያምጡ ስላቸው ‘ላልሸጥኩት ምን ብዬ እጽፋለሁ?’ ብለው ወጡ። ሐሙስ ካለፈ ውሳኔው ባለበት ይጸናል።»

*

የተቋራጩ ካምፕ ከቤሌ መንገድ ገባ ብሎ ይገኛል። የፋይናንስ ኃላፊው በእምነት ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የለሰለሰ። ወሰንየለሽንና ቶማን ተነስቶ ተቀበላቸው፤ ለስላሳ አስመጣ።

«ሴትዮዋን በዓይኔ አይቻት አላውቅም» አለ። «ዕቃውን የሚያመጣው ኤርካሎ የሚባል ሰው ነበር። የወንድሜ ሚስት ንግድ ነው፣ እኔ ነኝ የማንቀሳቅሰው ይላል። የንግድ ፈቃዷን ኮፒ፣ የመታወቂያዋን ኮፒ አምጥቷል። እኛ ምን እናድርግ? ወረቀቱ የተሟላ ነው።»

«የከፈላችሁት በባንክ ነው?»

«በጥሬ ብር። ሰውየው ባንክ አልፈልግም አለ።»

«ትልቁን ክፍያ ያሳዩኝ።»

በእምነት ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረ። «ሶፍትዌራችን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ትንሽ ይታገሡኝ። ሴፕቴምበር፣ ሴፕቴምበር… 11፣ 2024፣ ይኸው። አራት መቶ ሃያ ሺህ።» ፋይሉን ስቦ ደረሰኙን አወጣ። ጳጉሜ 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ይላል፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ኩንታል ሲሚንቶ ከነማጓጓዣው። ከጀርባው የቦሼ ንግድ ፈቃድ ፎቶ ኮፒ ተያይዟል። ቀኝ ጥጉ ላይ የአውራ ጣት ያህል ጥቁር እድፍ አለበት።

ወሰንየለሽ ሌሎቹንም አገላበጠች። ሃያ ሁለቱም ላይ ያው ፈቃድ፣ ያው እድፍ ነው። ሁሉንም በፊርማ ተረከበች።

መኪና ውስጥ ቶማ ትንፋሹን ለቀቀ። «ኤርካሎን አውቀዋለሁ። አናጢ ነው፣ የቦሼ ባል ወንድም። በሟቹ ቦታ ላይ ከቦሼ ጋር ሦስት ዓመት ተካስሰዋል። ሽማግሌ አልቀረም።»

«እንግዲያው ምክንያት አለው ማለት ነው።»

«አለው» አለ ቶማ ሳይወድ።

*

ኮማንደር ጩማ ማክሰኞ ጠዋት ቢሮው አስጠራት። ስልኩን እያየ ነበር የሚያናግራት።

«ሴትዮዋ እሽግ ቀድዳለች፣ አምናለች። ምን ቀረሽ?»

«የእሽጉን መዝገብ ዛሬ ወደ ዐቃቤ ሕግ እልካለሁ። የደረሰኙ ግን ሌላ መዝገብ ነው።»

«ማን ክፈቺ አለሽ?»

«ሐሰተኛ ሰነድ አየሁ። ካየሁ በኋላ ማን ይፍቀድልኝ?»

ኮማንደሩ ቀና አለ። «የድርጅቱ ባለቤት አቶ እስራኤል ትላንት ደውለው ነበር። ድልድይ እየሠሩልን ነው። ሠራተኞቻችን ተረበሹ ይላሉ።»

«ሲደውሉ ስለ ኤርካሎ ነገሩዎት?»

«ነግረውኛል፤ እሱን ያዢ።»

«ልይዘው እየሄድኩ ነው» አለች ወሰንየለሽ። በሩ ጋ ስትደርስ ግን አንድ ነገር ቆረቆራት። የድርጅት ባለቤት የአንድ አናጢን ስም በቃሉ የሚይዘው ለምንድን ነው?

*

ኤርካሎ አረካ በር አካባቢ ባለው የእንጨት ሥራ ቤቱ አልጋ ሲልግ አገኙት። ፊቱ የተቆጣ ሰው ነው። የቦሼ ስም ሲነሳ መላጊያውን ጣለ።

«ቦታዬን ወሰደች። ፍርድ ቤት ለእሷ ወሰነ፣ እኔ ግን አልተቀበልኩም። ዛሬ ደግሞ ምን አልኩ አለች?»

«እሷ ምንም አላለችም። ቤሌ መንገድ ላይ ላለው ተቋራጭ በስሟ ሲሚንቶ ሸጠሃል ተብሏል።»

«እኔ?» እጁን ዘርግቶ የቆርቆሮውን ጣሪያ አሳያት። ሁለት ቦታ በላስቲክ ተደፍኗል። «ሲሚንቶ የሚሸጥ ሰው ቤቱ ይህን ይመስላል?»

«አራት መቶ ሃያ ሺህ ብር ተቀብለሃል የተባለበት ቀን አለ። የት እንደነበርክ ንገረኝና ከምስክር ጋር እናየዋለን። ጳጉሜ ስድስት፣ 2016።»

ቶማ እስክሪብቶውን አዘጋጀ። ኤርካሎ ግን ግንባሩን ቋጥሮ አያት።

«መቼ?»

«ጳጉሜ ስድስት፣ 2016።»

«የት እንደነበርኩ አልነግርሽም» አለ። «ማንም የትም አልነበረም። እንደዚህ የሚባል ቀን የለም።»

ቶማ መጻፉን አቆመ።

«ልጄ የተወለደችው ጳጉሜ ስድስት ነው፣ 2015» ሲል ቀጠለ ኤርካሎ። «ሐኪሟ ስትስቅብኝ ነበር፤ ልጅህ ልደቷ በአራት ዓመት አንዴ ነው አለችኝ። እኔ ቀልድ መስሎኝ። በዓመቷ ዳቦ አስደፍቼ ጎረቤት ልጠራ ስል ጳጉሜ አምስት ላይ አለቀ። ሚስቴ አኮረፈች። መስከረም አንድ፣ በእንቁጣጣሽ አደረግንላት። ሂዱ፣ ሚስቴን ጠይቁ።»

ወሰንየለሽ ደረሰኙን ከቦርሳዋ አውጥታ እንደገና አየችው። ከትላንት ጀምሮ ይዛው ዞራለች፤ ገንዘቡን እንጂ ቀኑን አላየችም። በራሷ አፈረች። ከዚያ ደረሰኙን ስለጻፈው ሰው ማሰብ ጀመረች። በዚህ አገር የሚኖር ነጋዴ እንቁጣጣሽ ዕለት ሲሚንቶ ሸጦ ጳጉሜ ስድስት ብሎ አይጽፍም። ይህን ቀን የጻፈው ሰው ቀኑን አልኖረበትም። ከሌላ አቆጣጠር የመለሰው ነው፣ ሲመልስም ተሳስቷል።

«አንድ ጥያቄ ብቻ» አለችው። «ለዚያ ድርጅት ስምህን ሰጥተህ ታውቃለህ?»

ኤርካሎ ትንሽ አሰበ። «አንድ ጊዜ ዋስ ሆኜ ፈርሜያለሁ። ለቦሼ። ያኔ ገና አልተጣላንም ነበር።»

*

ቦሼ ሱቋ እንደገና ታሽጎ፣ በሩ ላይ በርጩማ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ዳጣውን ቤቷ አዘጋጅታ እዚያው ደጅ ላይ ትሸጣለች። ደጁ አልታሸገም።

«እትዬ ቦሼ፣ የንግድ ፈቃድዎን ኮፒ ለማን ለማን ሰጥተዋል?»

«ለባንክ። ለገቢዎች። ለካምፑ።»

«ለየትኛው ካምፕ?»

«የቤሌ መንገድ። ለሠራተኞቹ ምግብ ቤት ሁለት ወር ዳጣ አቅርቤያለሁ። ዋስ አምጪ አሉ፣ ኤርካሎን ወሰድኩ። ፈቃድ አምጪ አሉ፣ ሰጠሁ። እጄ ዳጣ ነበረበት፣ ወረቀቱ ላይ ቀረ። ሌላ ኮፒ ላምጣ ብል ዕቃ ቤት ያለችው ልጅ ግድ የለም አለች።»

ወሰንየለሽና ቶማ ተያዩ።

«ይህን ትላንት ለምን አልነገሩኝም?»

«ሲሚንቶ ነው የጠየቅሽኝ። ዳጣ መቼ ጠየቅሽኝ?» ቦሼ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልጄ፣ ዛሬ ጠዋት አንድ ሰው መጣ። መኪናው ጥሩ ነው። ኤርካሎ ነው የሠራው ብለሽ ፈርሚ፣ ግብርሽን ግማሹን እኛ እንከፍላለን አለኝ።»

«ምን አሉት?»

«ኤርካሎ ቦታዬን ይፈልጋል። ያ የእኔና የእሱ ጠብ ነው፣ ገና እንጣላለን። ሲሚንቶ ግን አልሸጠም። ያልሠራውን ሠራ ብዬ ከፈረምኩ እኔም እንደነሱ ነኝ። ሂድልኝ አልኩት።»

ወሰንየለሽ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። «እንግዲህ አንድ ነገር ይስሙኝ። እውነት ይዘው ቀን እንዳያመልጥዎት። ዛሬ ማታ ቅሬታዎን ይጽፋሉ። ‘እነዚህን ደረሰኞች አላሳተምኩም፣ አልቆረጥኩም፣ ዕቃውን አልሸጥኩም’ ብለው፤ የውሳኔውን ቁጥርና ቀን ጠቅሰው። በሁለት ኮፒ። አንዱን ሲቀበሉዎት ሁለተኛው ላይ የመዝገብ ቁጥርና ማኅተም አስደርገው ይያዙት።»

«ጽሕፈቴ ጥሩ አይደለም።»

«እርስዎ ይንገሩት፣ ሳጅን ቶማ ይጽፋል። ፊርማው የእርስዎ ይሁን እንጂ።»

*

ረቡዕ ጠዋት ከፍርድ ቤት የብርበራ ፈቃድ ይዘው ካምፑ ደረሱ። ወሰንየለሽ በቀጥታ ወደ ፋይናንስ አልሄደችም። የምግብ ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባች። ኃላፊዋ ብሩክታይት አቧራ የጠገበ ፋይል ከመደርደሪያ አወረደች።

«የዳጣዋ ሴትዮ? አስታውሳታለሁ። የአቅራቢዎች ወረቀት ሁሉ እኔ ጋ ነው ያለው። በእምነት አንድ ጊዜ ፋይሉን ተውሶኝ በማግሥቱ መልሷል።»

ወረቀቱ አለ። ቀኝ ጥጉ ላይ የአውራ ጣት አሻራ ያህል እድፍ፤ ቀዩ ወደ ቡናማ ደብዝዟል፣ ግን ቀይ ነው። ወሰንየለሽ ከደረሰኞቹ ጋር የተያያዘውን ኮፒ አጠገቡ አስቀመጠች። ያው ቅርጽ፣ ያው ቦታ፤ አንዱ ቀይ፣ ሌላው የፎቶ ኮፒ ጥቁር። ከሥሩ የዋስ ፎርም አለ፤ ኤርካሎ ከነሙሉ ስሙ፣ ከነዝምድናው።

በእምነት እንደ ሰኞው ተነስቶ ተቀበላቸው። ለስላሳ ግን አላዘዘም።

«ትንሽ ይርዱኝ» አለች ወሰንየለሽ። «ሴፕቴምበር 11፣ 2024 በእኛ ስንት ነው?»

ከጠረጴዛው በላይ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የቀን መመለሻ ሰንጠረዥ ገልመጥ አድርጎ አየ። የለመደ ሰው አተያይ ነው። «ጳጉሜ ስድስት።»

«ሳጅን፣ ሰንጠረዡ የስንት ዓመት ነው?»

ቶማ ጠጋ ብሎ አናቱን አነበበ። «በፈረንጅ የ2023።»

«በ2023 ልክ ነበር። ጳጉሜ ስድስት ሆና ነበር። በቀጣዩ ዓመት ግን አምስት ናት። ሴፕቴምበር 11 መስከረም አንድ ነው፣ እንቁጣጣሽ።»

በእምነት ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ደረሰኙን የሞላው ሻጩ ነው። ቀን ቢሳሳት እኔ ምን አገባኝ?»

«ሻጩ ዘመን መለወጫን በፈረንጅ ቀን አይቆጥርም። እርስዎ ኮምፒዩተር ላይ ሴፕቴምበር 11 ብለው ያስገቡትን ክፍያ ለማስደገፍ ደረሰኝ ጻፉ፣ ከዚህ ሰንጠረዥ ላይ መልሰው። ኤርካሎ አመጣልኝ ያሉት ኮፒ ደግሞ እዚሁ ምግብ ቤት ካለ ወረቀት የተገለበጠ ነው። ሴትዮዋን አላውቃትም ብለውኛል። ዳጣዋን ሁለት ወር በልተዋል።»

ቶማ የብርበራ ፈቃዱን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ካዝናውን አስከፈተ። ከታችኛው መደርደሪያ በላስቲክ የታሰሩ የደረሰኝ ጥራዞች ወጡ። ሁለቱ በቦሼ ስም ናቸው። የቀሩት ግን የሌላ ሰው ናቸው። አንዱ ጥሩነሽ የምትባል የአረካ እንቁላል ነጋዴ፣ አንዱ ቢጠና ከተማ የምትገኝ ቅቤ ሻጭ፣ አንዱ እዚሁ ቤሌ ሽንኩርት የምታቀርብ ሴት። ሁሉም ለካምፑ ምግብ ቤት አንድ ጊዜ ፈቃዳቸውን ሰጥተዋል። አንዳቸውም ገና የግብር ደብዳቤ አልደረሳቸውም።

ወሰንየለሽ ጥራዞቹን አንድ በአንድ ቆጠረች። ድምፅዋን ሳታነሳ ጠየቀች። «ሲሚንቶ ያልተሸጠ ከሆነ ሦስት ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ ብሩ የት ሄደ?»

በእምነት ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ጥሬ ብሩ ከባንክ የሚወጣው በቼክ ነው፤ ቼክ የሚፈርመው ደግሞ አንድ ሰው አይደለም» አለ። «የእኔ ፊርማ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን ባንኩን ጠይቁ።»

*

ሐሙስ ጠዋት፣ በሃያ አንደኛው ቀን፣ ህብረት የቦሼን ቅሬታ ተቀብላ መዘገበች፤ ሁለተኛውን ኮፒ ማኅተም አድርጋ መለሰችላት። ቦሼ ማኅተሙን ረዥም ጊዜ አየችው።

«አሁን ሱቄ ይከፈታል?»

«የፖሊስ ማስረጃ ደርሶናል፣ እሽጉ ዛሬ ይነሳል» አለች ህብረት። «ውሳኔውን ቅሬታ ሰሚው ያየዋል። እትዬ ቦሼ፣ ከእንግዲህ ለማንም ፎቶ ኮፒ ሲሰጡ ላዩ ላይ ለማን፣ ለምን፣ መቼ እንደሰጡ ይጻፉበት። ባዶውን አይስጡ።»

«የእሽጉ ክስ ግን ይቀጥላል» አለች ወሰንየለሽ። ይህን መናገር ከብዷት ነበር። «ልሰርዘው አልችልም።»

«አትሰርዥ። ቀድጄዋለሁ። ለምን እንደቀደድኩ ደግሞ ለዳኛ እነግራለሁ፣ ይስማኝ።» ቦሼ ነጠላዋን አስተካከለች። «የዳጣዬን ግብር ሳትጠይቁኝ በሐምሌ ከፍዬአለሁ፣ ገናም እከፍላለሁ። ከዚያ በላይ አንዲት ሳንቲም ከእኔ አይወጣም። የነገራችሁኝን የአረካዋን ሴትዮ፣ የቢጠናዋን ዛሬ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ደብዳቤ እስኪመጣ አይጠብቁ።»

*

ኮማንደር ጩማ በእምነት መታሰሩን ሰምቶ እጇን ጨበጠ። «ጥሩ ሥራ ነው። ተጠርጣሪው ተያዘ፣ ሴትዮዋ ነጻ ወጣች። እዚህ ላይ ይብቃን።»

«ባንኩ መልስ ሰጥቷል። በቼኮቹ ሁሉ ላይ የመጀመሪያው ፊርማ የአቶ እስራኤል ነው።»

ኮማንደሩ እጇን ለቀቀ። «ወሰንየለሽ፣ የዝውውር ዝርዝር በሚቀጥለው ወር ይወጣል። ሩቅ ቦታ ሊሆን ይችላል። ይህን እንደ ወንድም ነው የምነግርሽ።»

«ገባኝ፣ ኮማንደር። ሲወጣ እሄዳለሁ። እስከዚያ ግን መዝገቡ እኔ ጋ ነው።»

ሰላምታ ሰጥታ ወጣች። ቶማ መኪናውን አስነስቶ ነበር። ምን ተባልሽ ብሎ አልጠየቃትም፤ የአቶ እስራኤል መጥሪያ የት እንዳለ ብቻ ጠየቃት።

የድርጅቱ ዋና ቢሮ ከተማው መሐል አዲስ ሕንጻ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። የአቶ እስራኤል ጸሐፊ መጥሪያውን አየች፣ ወደ ውስጥ ገብታ ወጣች።

«ጋሼ ስብሰባ ላይ ናቸው። መቼ እንደሚያልቅ አይታወቅም። ሌላ ቀን ብትመጡ።»

«እንጠብቃለን።»

ጸሐፊዋ ዙሪያዋን አየች። «መቀመጫ የለም እኮ።»

«ግድ የለም» አለች ወሰንየለሽ። መጥሪያውን በሁለት እጇ ይዛ በሩ ፊት ለፊት ቆመች፤ ቶማም አጠገቧ። «እንቆማለን።»